ከሐራ ገበያ እስከ ታጁራ፤ የጎረቤት አገሮች ትብብር በምድር ባቡር ታሪክ

በሰሜን ወሎ፣ ከደጋው ግርጌ ወደ አፋር ሜዳ በሚያዘነብለው ቆላ ላይ የምትገኘው ሐራ፣ ከስሟ ቀጥሎ «ገበያ» የሚለው ቃል የሚጨመርላት ያለ ምክንያት አይደለም። የወልድያና የመርሳ ነጋዴ፣ የደጋው ገበሬና የአፋሩ ከብት አርቢ ሲገናኙባት ኖረዋል። ከ2004 ዓ.ም. ወዲህ ግን የሐራ ስም ከገበያተኛው አንደበት አልፎ በዓለም አቀፍ የብድርና የግንባታ ውሎች ላይ መጻፍ ጀመረ። ከአዋሽ ተነሥቶ ኮምቦልቻን አልፎ የሚመጣው ሐዲድ የሚያበቃው፣ ከመቀሌ የሚወርደውም የሚደርሰው፣ በአፋር በኩል ወደ ጅቡቲው የታጁራ ወደብ የሚያመራው ሦስተኛው ሐዲድም የሚነሣው ከዚህችው ስፍራ እንዲሆን ታቀደ። ከሦስቱ መካከል የሁለቱ ሥራ ተጀምሮ ብዙ ርቀት ሄደ። ሦስተኛው፣ ማለትም ድንበር ተሻግሮ ባሕር የሚነካው፣ በወረቀት ላይ ቀረ።

ይህ ጽሑፍ የሚመረምረው የዚህን ሁኔታ ታሪካዊ አመጣጥ ነው። ጎረቤት አገሮች በኢኮኖሚና በቴክኒክ መተባበራቸው በማኅበራዊ ትምህርት መጻሕፍት ውስጥ ዘወትር የሚወደስ ርእስ ነው፤ ሆኖም መምህሩ «ትብብር» የሚለውን ቃል በክፍል ውስጥ ሲያነሣ ተማሪው በዓይኑ ሊያየው የሚችል ምሳሌ ብዙ ጊዜ አይቀርብለትም። የሐራ ሐዲድ ግን በተቆረጠው ተረተርና በተደለደለው አፈር የሚታይ ምሳሌ ነው። የተሳካውን ብቻ ሳይሆን ያልተሳካውንም ጭምር ስለሚያሳይ ለማስተማሪያነት ከብዙ የስምምነት ሰነዶች ይልቅ የሚጠቅም ሆኖ ይገኛል።

ከሁሉ አስቀድሞ መታወስ ያለበት፣ በዚህ አካባቢ የደጋና የቆላ ሕዝብ ግንኙነት ከመንግሥታት ውል እጅግ የቆየ መሆኑ ነው። የአፋር ጨው፣ ግመልና ፍየል ወደ ደጋ ይወጣል፤ የደጋው እህል፣ በርበሬና ሽመና ወደ ቆላ ይወርዳል። በደቡብ ወሎ አጠገብ ያለችው የባቲ የሰኞ ገበያ በዚህ ረገድ ስሟ የገነነ ሲሆን፣ ሐራም በመጠን አንሳ ያንኑ ተግባር ስትፈጽም ቆይታለች። ይህ ልውውጥ የተጻፈ ደንብ አልነበረውም። የሚመራው በዘመድነት፣ በባልንጀርነትና በአካባቢ ሽማግሎች ዳኝነት ነበር። የዘመናዊው ትብብር አስቸጋሪነት የሚጀምረው ይህ ከሰው ወደ ሰው የነበረው መተማመን ከመንግሥት ወደ መንግሥት፣ ከባንክ ወደ ባንክ ሲዛወር ነው።

የኢትዮጵያ የመጀመሪያው የምድር ባቡር ታሪክ የሚነሣው ዳግማዊ አፄ ምኒልክ በ1886 ዓ.ም. ለስዊሱ መሐንዲስ ለአልፍሬድ ኢልግ ከሰጡት የሥራ ፈቃድ ነው። ሥራው ከጅቡቲ በ1890 ዓ.ም. ተጀምሮ በ1895 ዓ.ም. ድሬዳዋ፣ በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ ደረሰ። የሐዲዱ ጠቅላላ ርዝመት ወደ 784 ኪሎ ሜትር፣ ስፋቱም አንድ ሜትር ነበር። ይህንን ሥራ የሁለት ጎረቤቶች ትብብር ብሎ መጥራት ግን ከእውነት መራቅ ይሆናል። በዚያን ጊዜ ጅቡቲ የፈረንሣይ ቅኝ ግዛት እንደመሆንዋ ድምፅ አልነበራትም። ይባስ ብሎ በ1899 ዓ.ም. እንግሊዝ፣ ፈረንሣይና ኢጣሊያ በኢትዮጵያ ውስጥ የየራሳቸውን የጥቅም ክልል ሲደለድሉ የምድር ባቡሩንም ጉዳይ ባለቤቱ ባልነበረበት ተነጋገሩበት። የጋራ ባለቤትነት የመጣው ዘግይቶ ነው። በ1952 ዓ.ም. በተደረገው ውል ኢትዮጵያ የኩባንያውን ግማሽ ድርሻ ያዘች። ጅቡቲ ሰኔ 20 ቀን 1969 ዓ.ም. ነፃነቷን ካገኘች በኋላ ደግሞ፣ በ1973 ዓ.ም. ድርጅቱ የኢትዮጵያና የጅቡቲ የጋራ ንብረት ሆነ። እንግዲህ ሐዲዱ አዲስ አበባ ከገባ በኋላ፣ በላዩ የሚኖሩት ሁለቱ ሕዝቦች ባለቤቶቹ እስኪሆኑ ድረስ ከስድሳ ዓመት በላይ አልፏል።

ከዚህ አሮጌ ሐዲድ ለትምህርት ባለሙያ ትልቅ ቁም ነገር የሚሆነው የድሬዳዋው ወርክሾፕ ነው። ድሬዳዋ ራሷ የተቆረቆረችው በሐዲዱ ምክንያት ሲሆን፣ በወርክሾፑ ውስጥ ቀጥቃጩ፣ ብየዳ ሠራተኛው፣ መካኒኩና የባቡር ነጂው ሙያቸውን እየሠሩ ከአባት ወደ ልጅ፣ ከአሠልጣኝ ወደ ሠልጣኝ አስተላለፉ። የሥራው ቋንቋ ፈረንሣይኛ ስለነበር ተራው ሠራተኛ ሳይቀር ይናገረው ነበር፤ ዛሬም አዲስ አበቤው «ለገሃር» ሲል የፈረንሣይኛውን የባቡር ጣቢያ ስም እየጠራ መሆኑን ብዙ ጊዜ ልብ አይለውም። ሐዲዱ በ1969 እና በ1970 ዓ.ም. በሶማሊያ ወረራ ጊዜ ድልድዮቹ ፈርሰው ሲቋረጥ መልሶ ያቆመው ይኸው የሙያ ክምችት ነው። በቴክኒክ ትብብር ረገድ ከብረቱ ይልቅ የቆየው የእጅ ሙያ መሆኑ እዚህ ላይ ሊሰመርበት ይገባል።

ወሎ ከዚህ ሐዲድ ውጭ ሆኖ ኖረ። በአብዛኛው የገጠር ሕዝብ ዘንድ «ባቡር» ማለት እህል የሚፈጨው ሞተር ነበር። በአካባቢው ታላቅ ለውጥ ያመጣው የመኪና መንገድ ነው። በኢጣሊያ የወረራ ዘመን የተሠሩት መንገዶች ወልድያን ከአሥመራና ከአዲስ አበባ፣ ኮምቦልቻንም ከአሰብ ወደብ ጋር አገናኙ። ከዚያ በኋላ ለብዙ ዓሥርት ዓመታት የወሎ የባሕር በር አሰብ ሆነ። ከባድ መኪና ከኮምቦልቻ በባቲና በሚሌ አድርጎ ወደ ቀይ ባሕር ይወርድ ነበር።

በቴክኒክ ትብብር መልክ ወደ ወልድያ የመጣው የመጀመሪያው ታላቅ ሥራ ከወልድያ በጋሸናና በደብረ ታቦር አድርጎ ወረታ የሚደርሰው መንገድ ነው። ኢትዮጵያና ቻይና የዲፕሎማቲክ ግንኙነት የመሠረቱት በኅዳር 1963 ዓ.ም. ሲሆን፣ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በመስከረም 1964 ዓ.ም. ፔኪንግን በጎበኙ ጊዜ የኢኮኖሚና የቴክኒክ ትብብር ስምምነት ተፈረመ። መንገዱ በዚሁ ስምምነት በተገኘ ብድር፣ መንግሥት ተለውጦ ደርግ ሥልጣን ከያዘ በኋላ ተሠራ። ገደሉን እየጠመዘዘ ወደ ላስታና ወደ ጋይንት ደጋ የሚወጣው ይህ መንገድ በአካባቢው እስከ ዛሬ «የቻይና መንገድ» እየተባለ ይጠራል። ስምምነቱን የፈረመው መንግሥት ወድቆ ስምምነቱ አለመውደቁ ለዕቅድ ባለሙያዎች አስተማሪ ነው። ምክንያቱም ሥራው መነሻውም መድረሻውም በአንድ አገር ውስጥ ስለነበረ የሦስተኛ ወገን ይሁንታ አላስፈለገውም። የሐራ ጉዳይ ከዚህ ፈጽሞ ይለያል።

ግንቦት 1990 ዓ.ም. የኢትዮጵያና የኤርትራ ጦርነት ሲጀመር አሰብ ለኢትዮጵያ ተዘጋ። የአገሪቱ የገቢና የወጪ ንግድ በአንድ ጊዜ ወደ ጅቡቲ ዞረ፤ ከዚያ ወዲህ ከመቶው ዕቃ ከዘጠና የማያንሰው በዚያው በር የሚተላለፍ ሆነ። በሁለቱ አገሮች መካከል ያለው መተሳሰር ከወደብ አገልግሎት አልፎ ሰፋ። ከ2003 ዓ.ም. ጀምሮ የኢትዮጵያ የኤሌክትሪክ ኃይል ከድሬዳዋ በተዘረጋ መሥመር ወደ ጅቡቲ ይሻገር ጀመር። ከሶማሌ ክልል ከሐደጋላ የሚቀዳ የከርሰ ምድር ውኃም በቧንቧ እንዲሄድ ተደረገ። በ1978 ዓ.ም. ድርቅንና የበረሃማነትን መስፋፋት ለመቋቋም በጅቡቲ የተቋቋመው፣ በ1988 ዓ.ም. ደግሞ ዓላማውን አስፍቶ ኢጋድ የተባለው የምሥራቅ አፍሪካ መንግሥታት ድርጅት ለዚህ ዓይነቱ ግንኙነት ጥላ ሆኖ ይጠቀሳል። እውነቱን ለመናገር ግን ኤሌክትሪኩም ሆነ ውኃው የተሻገረው በኢጋድ ጉባኤ ውሳኔ ሳይሆን በሁለቱ አገሮች የቀጥታ ውል ነው።

አዲሱ የምድር ባቡር ዕቅድ የተወለደው በዚህ ሁኔታ ውስጥ ነው። የኢትዮጵያ ምድር ባቡር ኮርፖሬሽን በ2000 ዓ.ም. ተቋቋመ፤ ከ2003 እስከ 2007 ዓ.ም. የሚዘልቀው የዕድገትና ትራንስፎርሜሽን ዕቅድም አገር አቀፍ የሐዲድ መረብ እንዲዘረጋ አመለከተ። ከእነዚህ ውስጥ ከአዋሽ በኮምቦልቻ እስከ ሐራ ገበያ የሚደርሰውን፣ ወደ 390 ኪሎ ሜትር የሚጠጋውን ሐዲድ ለመሥራት ያፒ መርከዚ የተባለው የቱርክ ሥራ ተቋራጭ በሰኔ 2004 ዓ.ም. ውል ፈረመ። የሥራው ዋጋ 1.7 ቢሊዮን የአሜሪካ ዶላር ሲሆን፣ ገንዘቡ በአብዛኛው ከቱርክ ኤግዚም ባንክና በስዊሱ ክሬዲ ስዊስ ከተመሩ ባንኮች በብድር የተገኘ ነው። ከመቀሌ ወደ ሐራ ገበያ የሚመጣው ሥራ ደግሞ ለአንድ የቻይና ተቋራጭ ተሰጠ። የሁለቱም ግንባታ በየካቲት 2007 ዓ.ም. በይፋ ተጀመረ።

የሥራውን ክብደት ለመገመት የመሬቱን አቀማመጥ ማስታወስ ይበቃል። አዋሽ ሰባት ኪሎ ከባሕር ጠለል በላይ ከ1,000 ሜትር በታች ስትሆን ኮምቦልቻ ከ1,800 ሜትር በላይ ትገኛለች። ባቡር እንደ መኪና ገደል አይወጣም። ዳገቱ በርቀት ተለዝቦ፣ ሸለቆው በድልድይ ተሻግሮ፣ ተራራውም በዋሻ ተበስቶ ሊታለፍ ይገባል። ከኮምቦልቻ በኋላ ደግሞ ሐዲዱ በውጫሌና በውርጌሳ አካባቢ ያለውን ወጣ ገባ እየተከተለ ወደ መርሳና ወደ ሐራ ቆላ ይወርዳል። ለሂሳብና ለፊዚክስ መምህር ከዚህ የተሻለ የዳገት መጠን ማስተማሪያ በአካባቢው ማግኘት አስቸጋሪ ነው።

ሐዲዱ በኤሌክትሪክ የሚሠራና ስፋቱም 1.435 ሜትር እንዲሆን መወሰኑ ትክክለኛ ውሳኔ ነበር፤ አዋሽ ላይ ከሚገናኘው ከአዲስ አበባ–ጅቡቲ ሐዲድ ጋር በዚህ ይስማማልና። ሆኖም አንደኛው በቻይና፣ ሌላው በአውሮፓ የቴክኒክ ደረጃ የተነደፉ በመሆናቸው የምልክትና የመቆጣጠሪያ ሥርዓታቸው አንድ አይደለም። ብድር ሰጪው ከራሱ አገር ተቋራጭ ጋር፣ ተቋራጩም ከራሱ አገር ደረጃ ጋር ሲመጣ፣ ተበዳሪው አገር በአንድ መረብ ውስጥ ሁለት «ቋንቋ» የሚናገሩ ሐዲዶች ባለቤት ይሆናል። ይህን የማስማማቱ ሸክም የሚወድቀው በኋላ በሚረከበው የአገር ባለሙያ ላይ ነው።

የመጀመሪያው ምዕራፍ፣ ከአዋሽ እስከ ኮምቦልቻ ያለው፣ በአብዛኛው ተጠናቀቀ። ከኮምቦልቻ እስከ ሐራ ያለው ሁለተኛው ምዕራፍም ብዙ ተጉዟል። ይሁን እንጂ ሐዲድ መነጠፉ ብቻ ባቡር አያስኬድም። የኤሌክትሪክ ኃይል ወደ ማከፋፈያ ጣቢያዎቹ የሚያመጡት መሥመሮች ከሐዲዱ ሥራ ጋር እኩል አልተራመዱም፤ የውጭ ምንዛሪ እጥረትና የብድር አለቃቀቅ መዘግየትም ታከለበት። በዚህ ላይ በጥቅምት 2013 ዓ.ም. መጨረሻ የተቀሰቀሰው ጦርነት ወደ ወሎ ዘለቀ። ወልድያ በነሐሴ 2013 ዓ.ም. ከተያዘች በኋላ እስከ ታኅሣሥ 2014 ዓ.ም. ድረስ ከሐራ እስከ ኮምቦልቻ ያለው የሥራ ቀጠና በጦርነቱ ውስጥ ወደቀ። ግንባታው ቆመ፤ የፕሮጀክቱ ንብረትም ለዘረፋና ለውድመት ተዳረገ። የፕሪቶሪያው የሰላም ስምምነት ጥቅምት 23 ቀን 2015 ዓ.ም. ሲፈረም፣ የመቀሌውም የአዋሹም ሐዲድ በሐራ ላይ ባቡር አላገናኘም ነበር።

ብዙዎች የሐራን ሐዲድ መጓተት በጦርነቱ ብቻ ያመካኛሉ። ጦርነቱ ያደረሰው ጉዳት የማይካድ ቢሆንም ይህ አስተያየት ምሉእ አይደለም። ጦርነቱ ከመጀመሩ በፊትም ሦስተኛው ክንድ፣ ከሐራ በሰመራ አድርጎ ወደ ታጁራ የሚወርደው፣ አልተጀመረም ነበርና። እርግጥ ነው፤ የወሎ ጭነት ወደ አዋሽ ወርዶ ከዚያ ወደ ጅቡቲ ሊሄድ ይችላል። ነገር ግን ወደ ደቡብ ወርዶ ተመልሶ ወደ ሰሜን ምሥራቅ መውጣት በካርታ ላይ ሲታይ ዙሪያ ጥምጥም ነው። የሐራ ዋጋ የተሰላው በሦስቱ ክንዶች መገናኛነቷ ሲሆን፣ የሁለቱ ክንዶች ሥራ ሲጀመር ሦስተኛው፣ የጎረቤት አገር መሬትና ፈቃድ የሚያሻው፣ ሳይጀመር ቀረ። አሮጌው ሐዲድ ከባሕሩ ተነሥቶ ወደ መሐል አገር ገባ፤ እያንዳንዱ የተነጠፈ ኪሎ ሜትርም ወዲያው ጭነት ማመላለስ ቻለ። የሐራው ግን ከመሐል አገር ተነሥቶ ወደ ባሕሩ እንዲጓዝ ታሰበ። ይኸው ያፒ መርከዚ በ2009 ዓ.ም. በታንዛኒያ የጀመረው ሐዲድ ከዳሬሰላም ወደብ ተነሥቶ ወደ ሞሮጎሮ የሚዘልቅ ነበር፤ በሰኔ 2016 ዓ.ም. መንገደኞች ማጓጓዝ ጀመረ። ታንዛኒያ ወደቡ የራሷ በመሆኑ ከሐራ ጋር በሙሉ አይመሳሰልም። ልዩነቱን የፈጠረውም ይኸው ነው።

የቱርክ ስም በዚህ ታሪክ ውስጥ መነሣቱ በእስያ ወደተደረገ ተመሳሳይ ሙከራ ይመራል። ቱርክ፣ ኢራንና ፓኪስታን እ.ኤ.አ. በ1964 ለልማት የሚተባበሩበትን ክልላዊ ድርጅት አቋቋሙ። ከዓላማዎቻቸው አንዱ ሦስቱን አገሮች በሐዲድ ማገናኘት ነበር። የቱርክና የኢራን ሐዲድ እ.ኤ.አ. በ1971 ተገናኘ፤ ያም ሆኖ በቫን ሐይቅ ላይ ባቡሩ በጀልባ ተጭኖ መሻገር ነበረበት። በምሥራቅ በኩል ግን፣ ከፓኪስታን የሚመጣው ሐዲድ በእንግሊዞች ዘመን ኢራን ውስጥ ዛሂዳን ድረስ የገባ ቢሆንም፣ ዛሂዳንን ከኢራን መረብ ጋር የሚያገናኘው ክፍል እስከ 2009 እ.ኤ.አ. አልተጠናቀቀም። በተጠናቀቀም ጊዜ የፓኪስታን ሐዲድ ስፋት 1.676 ሜትር፣ የኢራን 1.435 ሜትር ስለሆነ ጭነቱ ዛሂዳን ላይ ከባቡር ወደ ባቡር መገልበጥ ግድ ሆነ። በዚህ መካከል በኢራን አብዮት ተካሄደ፤ ድርጅቱም እ.ኤ.አ. በ1985 ስሙን ቀይሮ የኢኮኖሚ ትብብር ድርጅት ተባለ። ከምሥረታው እስከ ዛሂዳን መገናኘት አርባ አምስት ዓመት ፈጀ። በዚህ ሚዛን ሲታይ የሐራ መዘግየት ልዩ ክፉ ዕድል አይደለም። የመጨረሻው ድንበር ተሻጋሪ ክፍል በየአገሩ ቤት ውስጥ ከሚሠራው ይልቅ ሁልጊዜ ወደ ኋላ የመቅረት ጠባይ አለው፤ የየአገሩ በጀት የሚጸድቀው በየአገሩ ሲሆን ድንበሩ ግን የማንም የብቻው አይደለምና።

በአንጻሩ የአዲስ አበባ–ጅቡቲ አዲሱ ሐዲድ ምን እንዳገዘው መመልከት ይጠቅማል። በኢትዮጵያ በኩል መስከረም 25 ቀን 2009 ዓ.ም.፣ በጅቡቲ በኩል ጥር 2 ቀን 2009 ዓ.ም. ተመረቀ፤ መደበኛ የንግድ አገልግሎቱንም ታኅሣሥ 23 ቀን 2010 ዓ.ም. ጀመረ። ሁለቱ መንግሥታት የጋራ አክሲዮን ማኅበር መሥርተው ኢትዮጵያ 75፣ ጅቡቲ 25 በመቶ ያዙ። ሐዲዱ እንከን አልነበረውም ማለት አይደለም፤ የኃይል መቆራረጥና ከብት በባቡር መገጨት በተደጋጋሚ አጋጥሞታል። ቢሆንም የባለቤትነቱ ድርሻ ከመጀመሪያው ተለይቶ ታውቋል። ለስድስት ዓመት ሥራውን የመሩት የቻይና ኩባንያዎችም በግንቦት 2016 ዓ.ም. ለአገር ውስጥ ባለሙያዎች አስረክበዋል። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ውስጥ የተጀመረው የምድር ባቡር ምሕንድስና ትምህርትም ከዚህ ጋር የተያያዘ ነው።

ለወሎ የሚነሣው ጥያቄ እንግዲህ ከዚህ ይመነጫል። የወሎ ዩኒቨርሲቲ የኮምቦልቻ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩትና የወልድያ ዩኒቨርሲቲ ከሐዲዱ አጠገብ ይገኛሉ። ድሬዳዋን ድሬዳዋ ያደረገው ሐዲዱ ብቻ ሳይሆን ወርክሾፑ ከሆነ፣ በሐራ ወይም በኮምቦልቻ የሚሠለጥነው የጥገና ባለሙያ ባቡሩ እስኪመጣ መጠበቅ አይኖርበትም። የሐዲድ ጠባቂ፣ የኤሌክትሪክ መሥመር ሠራተኛና የምልክት ቴክኒሻን ማሠልጠን ዓመታት ይወስዳል። የሐዲድ ብረትም ካልተጠበቀ፣ የውኃ መውረጃውም ካልተጠረገ፣ ቆሞ ብቻውን ያረጃል። የድለላ አፈር በሁለት ክረምት ምን እንደሚሆን የወሎ ገበሬ ለመሐንዲሱ ሊነግረው ይችላል።

በመማሪያ ክፍል ውስጥ ደግሞ የካርታ አነባበብ ጉዳይ አለ። የተሠራውን፣ በመሠራት ላይ ያለውንና የታቀደውን ሐዲድ በአንድ ዓይነት መሥመር የሚያሳይ ካርታ ተማሪውን ያሳስታል። የሐራ ተማሪ በመጽሐፉ ላይ ባቡር ሲያይ በደጁ ግን ካጣው፣ ከሁለቱ አንዱን ውሸት ነው ብሎ ማሰቡ አይቀርም። መምህሩ ሦስቱን በተለያየ መሥመር አሥሎ፣ በእያንዳንዱ ላይ የተጀመረበትን ዓመት፣ የገንዘቡን ምንጭና የሚያልፍበትን አገር እንዲጽፉ ቢያደርግ፣ የጂኦግራፊና የሥነ ዜጋ ትምህርት በአንድ ላይ ይሰጣል። ከሐራ እስከ ታጁራ ያለው መሥመር የሚሣለው በነጥብ ነው።

በነጥቡ መጨረሻ ላይ ያለው ወደብ ግን በእውን አለ። የታጁራ ወደብ በሰኔ 2009 ዓ.ም. ተመርቋል። የተሠራውም በዋናነት ከአፋር ቆላ ይወጣል ተብሎ የተጠበቀውን የኢትዮጵያ ፖታሽ ለመላክ ነበር። ፖታሹ በታሰበው ጊዜ አልወጣም፤ ሐዲዱም አልመጣም። በወደቡና በሐራ መካከል ያለውን ቆላ የሚያቋርጠው የጭነት መኪና ነው፤ ከዋናው ጥርጊያ ወጣ ባለው በረሃ ደግሞ የአፋር ግመል።